የተፋቀ ቀለም

«ቅጠሉ አረንጓዴ ነው እኮ!» የሚለኝ ሰው ሲመጣ ደሜ ይፈላል። አረንጓዴ ነው፤ አይቻለሁ፤ ዓይን አለኝ። አረንጓዴ ስለሆነ እኮ ነው ይቆረጥ ያልኩት! ቀይ የሆነውን ጥድማ ምን አደርገዋለሁ? ቀይ የሆነው ሞቷል። ጥንዚዛው በልቶ፣ ወልዶ፣ ልጆቹን አሳድጎ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወጥቶለታል። አሁን ያለው እዚያው አጠገብ ገና አረንጓዴ በሆነው፣ ምንም ያልነካው በሚመስለው ዛፍ ቅርፊት ሥር ነው። ይህን ለማኅበሩ አባላት ስንቴ እንደነገርኳቸው እኔና የአዳራሹ ግድግዳ ነን የምናውቀው። ይሰሙኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ሄደው ቀዩን ይቆርጡና አረንጓዴውን ይተዉታል። ከዚያ ደግሞ ዓይናቸውን በጨው አጥበው «ምነው አልቆመም?» ብለው እኔኑ ይጠይቁኛል። ኤዲያ!

ሥራዬ የማኅበሩን ደን ጤና መጠበቅ ነው። አረሙ፣ ተባዩ፣ በሽታው ሁሉም የእኔ ራስ ምታት ናቸው። ከኋላዬ «እትዬ ጥንዚዛ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ፊት ለፊት ሊለኝ የሞከረ አንድ ባለመጋዝ ነበር፤ ሁለተኛ አልሞከረም። ደኑ የአባላቱ ነው። ጥዱን አብረን እንተክላለን፣ አብረን እናርማለን፤ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ቁራሽ ይሸጣል። አባታችን የተወልን ቁራሽ ለሁለት ተከፍሎ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ደረሰን። የእሷ ከፊት ነው፣ የእኔ ከኋላ። ከእሷ ፊት ደግሞ የሊቀመንበሩ አለ። ይህችን አቀማመጥ ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ከሊቀመንበሩ ልጀምር፤ ነገሩም የጀመረው ከእሱ ነውና። ሰውዬው መሃል መሃሉን እየቆረጠ ጥዱን አያሳሳም። ዛፍ እንደ ሰው አይደለም፣ ሲጨናነቅ አይጫወትም፤ ውኃ ያጣል፣ ይከሳል፣ ራሱን መከላከል ያቅተዋል። «አሳሱት» ስለው «ይወፍር ብዬ ነው» ይለኛል። እንዴት ብሎ ነው የሚወፍረው? ተያይዞ ቆሞ፣ አረሙ እስከ ወገቡ፣ ሐረጉ እስከ አንገቱ ወጥቶበት! በስንት ጭቅጭቅ አንድ ጊዜ አሳሳው፤ እሱንም ዝናቡ ሊያልቅ ሲል። የቆረጠውን ግንድ ደግሞ ከነቅርፊቱ እዚያው ደኑ ውስጥ ከመረው።

«አቶ ሊቀመንበር፣ ይህ ግንድ ይላጥ ወይም ይውጣ» አልኩት። «ጥንዚዛ ይራባበታል።»

«ገዢው ከነቅርፊቱ ነው የሚፈልገው፣ እመቤት።»

«መቼ ነው ገዢው የሚመጣው?»

«በቅርቡ።»

በቅርቡ! የዚህ አገር ሰው «በቅርቡ» ሲለኝ ጸጉሬን መንጨት ያምረኛል። በቅርቡ የመጣው ጥንዚዛው ነው። ክምሩ ላይ ተራባ፣ ክምሩ አልበቃው ሲል የቆሙት ላይ ወጣ። አንድ ጠዋት ስዞር ከዛፎቹ ሥር እንደ ዱቄት ያለ ቡናማ ብናኝ አየሁ፤ ግንዱ ላይ ደግሞ ነጠብጣብ ሙጫ። ሊቀመንበሩን ጠርቼ አሳየሁት። አጅሬ ግን ሽቅብ አንጋጦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቅጠሉ አረንጓዴ ነው እኮ!»

እሺ። የሚደረገው አንድ ነው። የተያዘው ሁሉ ይቆረጣል፣ እዚያው ይላጣል፣ ቅርፊቱ ይቃጠላል። ከተያዘው ፊት ለፊት ደግሞ ጤነኛው ጥድ ወፈር ባለ መስመር ተቆርጦ ይወጣል፤ ማገጃ እንለዋለን። ጥንዚዛው ደካማ በራሪ ነው፤ ከፊቱ ባዶ ሜዳ ከጠበቀው አብዛኛው ሳይሻገር ያልቃል። እንግዲህ የሊቀመንበሩ ቁራሽ ከዳር እስከ ዳር ተይዞ ነበር። ማገጃው የግድ የሚያርፈው ከእሱ ቀጥሎ፣ የእህቴ ቁራሽ መግቢያ ላይ ነው።

የእህቴ ቁራሽ መግቢያ ላይ ያሉት ጥዶች ደግሞ የቁራሹ ዓይን ናቸው። መንገዱ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ብርሃን ጠግበው ያደጉ፣ ቀጥ ያሉ፣ እቅፍ የማይበቃቸው። ከኋላ ያሉት ቀጫጭን ናቸው። እህቴ ያንን ዛፍ የምታየው እንደ ዛፍ አይደለም፤ እንደ ቤት ነው። ካገባች ጀምሮ የምትኖረው አማቷ ጓዳ ውስጥ ነው። ባል፣ ሚስትና ልጆች በአንዲት ክፍል፤ አማቲቱ ሽንኩርት ቆጥራ የምታስረክብ፣ የልጆቹን ሳቅ እንኳ «ቀስ በሉ» የምትል ሴት። እህቴ ትዳሯ ውስጥ ጮክ ብላ ስቃ አታውቅም። የቤት መሥሪያውን መሬት አግኝተዋል፤ መጪው በጋ ጥዱ ተሽጦ ቤቱ ሊሠራ ነበር። ለልጆቹ ሳይቀር ማን የት እንደሚተኛ ነግራቸዋለች።

ባሏ አናጢ ነው። አናጢ! ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ሲሠራ ይውልና ሲመሽ እናቱ ጓዳ ይገባል። ከሲታ ስለሆነና ካልመቱት ድምፅ ስለማይወጣው «ሚስማር» ይሉታል። እኔ ሚስማርን ወድጄው አላውቅም። ዝም የሚል ሰው ያናድደኛል። ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅማ!

የሚቆረጡትን ዛፎች ቀለም የቀባሁ ዕለት እህቴ መጣች። ቀለሙ ቀይ ነው፤ አንዱ ምልክት ግንዱ ላይ በሰው ደረት ቁመት፣ አንዱ ሥሩ ጋ። ዛፉ ከወደቀ በኋላ ጉቶው ላይ የሚቀረው ምልክት በሕጉ እንደተቆረጠ ይመሰክራል። ድሮ ሌብነት ስለነበረ የመጣ ልማድ ነው። ቀለም የሌለው ዛፍ ላይ መጋዝ ያሳረፈ ባለመጋዝ ከማኅበሩ ይባረራል፤ ስለዚህ ባለመጋዞቻችን ዛፍ አያዩም፣ ቀለም ነው የሚያዩት።

«እትዬ» አለችኝ፤ ብሩሹን የያዘ እጄን እያየች። «ትንሽ ወደ ኋላ ብታደርጊውስ?»

«ወደ ኋላ የት?»

«ወደ አንቺ በኩል።»

ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት። «እሺ፣ ወደ እኔ ላድርገው። ያኔ ያንቺ ቁራሽ በሙሉ ለጥንዚዛው ተሰጠ ማለት ነው። ፊቱም፣ ኋላውም፣ ቀጫጭኑም። ይህን ነው የምትፈልጊው?»

«እሱን አላልኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያልሽው?»

«ያንቺ አንድ ዛፍ አይነካም። ይኼን ነው ያልኩት።»

«ጥንዚዛው እኮ ነው ያሰመረው! እኔ ነኝ እንዴ የላክሁት? የእኔ ከፊት ቢሆን ኖሮ የእኔን እቆርጥ ነበር!»

«ይሆናል» አለች።

«ይሆናል!» ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንዷን ወፍራም ጥድ በመዳፏ ዳበስ አድርጋ ሄደች። እኔም መቀባቴን ቀጠልኩ፤ ተናድጄ ስለነበር ቀለሙን እስኪንጠባጠብ ድረስ ለጠፍኩት። መስመሩ ልክ ነበር። ዛሬም ልክ ነበር እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ያሳለፍኩት በሊቀመንበሩ ደን ውስጥ ነው። ባለመጋዞቹን ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን ማገጃውን ቁረጡ ብዬ ወደ እህቴ ቁራሽ ሰደድኩ፤ ከግማሹ ጋር እኔ ራሴ ቆምኩ። ካልቆምኩ አይሆንማ! ዞር ስል ግንዱን ሳይላጥ ሊያስጭነው፣ መለስ ስል «ይህቺን እንኳ ተዪልኝ» ሊለኝ። ቅርፊት ሲቃጠል ጭሱ ዓይኔን አጠፋው፣ ድምፄ ተዘጋ፣ ምሳ የበላሁበትን ቀን አላስታውስም። ሊቀመንበሩ አንድ ጊዜ «እመቤት፣ ትንሽ ልብሽን ብታለዝቢው» ቢለኝ የያዝኩትን የቅርፊት መላጫ መሬት ላይ ወርውሬለት ነበር።

ሚስማር የመጣው በዚያ መሃል ነው። አመድ ለብሼ፣ ውኃ ልጠጣ ቢሮ ገባ እንዳልኩ ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«ስለ መስመሩ ከሆነ አፍህን እንዳትከፍት።»

«ስለ መስመሩ ነው፣ ግን—»

«ውጣ! ሚስትህ ለምናኝ አልሆነም፤ አሁን ደግሞ አንተን ላከችህ? ቤት ከፈለግክ ደክመህ ሥራ! ከእኔ ዛፍ ምን አለህ? ውጣልኝ!»

ወጣ። በሩን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፤ እሱም አናደደኝ።

የሊቀመንበሩ ጣጣ እንዳለቀ ማገጃውን ለማየት ሄድኩ። ከሩቅ ሳየው መንገድ የተሳሳትኩ መሰለኝ። የእህቴ ወፍራም ጥዶች ከነግርማቸው ቆመዋል። አንድ አልተነካም። የባለመጋዞቹን አለቃ ጠራሁት፤ ሮጦ መጣ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቀለም የለውም» አለኝ።

«ምን ማለት ነው ቀለም የለውም? በገዛ እጄ ቀብቼ!»

«በሊቀመንበሩ በኩል እስከ ድንበሩ ያለውን ቀለም ያለበትን ቆረጥን። ከዚያ ወዲህ ስንመጣ ቀለም የለም። ሐሳብዎን የቀየሩ መስሎን ወደ ሌላ ሥራ ሄድን።»

«መጥታችሁ አትጠይቁም?»

«እርስዎን?» አለ። ብሎ ደግሞ ወደ ጫማው አየ።

ወደ ዛፎቹ ጠጋ አልኩ፤ ክው ነው ያልኩት። ቀለም የነበረበት ሁሉ ተፍቋል። ደረት ላይ ያለውም፣ ሥሩ ጋ ያለውም፣ እያንዳንዱ በጥንቃቄ፣ ቅርፊቱ ተገፍፎ እስከ ነጩ እንጨት ድረስ። ከእያንዳንዱ ቁስል ሙጫው ቁልቁል ይወርዳል። የቆሰለ ጥድ ይሸታል። ለእኛ ለሰዎቹ ደስ የሚል ሽታ ነው፤ ለጥንዚዛው ግን «ኑ ብሉኝ» ማለት ነው። ባይነካኩት ኖሮ ምናልባት አንድ ሁለቱን ብቻ ይሞክር ነበር። አሁን ግን ከዚያ ማዶ የነበረው የተረፈ ጥንዚዛ በሙሉ ሽታውን ይዞ መጥቷል። ቡናማው ብናኝ በየዛፉ ሥር፣ በየቁስሉ ዙሪያ፣ በየቅርፊቱ ስንጥቅ። እየሮጥኩ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ቀጫጭኖቹም ጋ ደርሷል። ላድነው ብሎ የፋቀ ሰው ጥንዚዛውን ጠርቶ ቁራሹን በሙሉ አስበላው።

ተመልሼ ድንበሩ ላይ ካለ ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። ፋቂው መላጫ አያያዝ የሚያውቅ ሰው ነው፤ አንድ ቦታ እንኳ አልሳተም። ማን ነው እንጨት የሚያውቅ? ማን ነው አናጢ? ማን ነው ሰሞኑን ቢሮዬ በር ላይ ቆብ ይዞ ቆሞ የነበረው? ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

በማግሥቱ አባላቱን በሙሉ አዳራሽ አስጠራሁ። አግዳሚው ሞላ፣ የተረፈው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሊቀመንበሩ ከፊት ጠረጴዛው ጋ፣ እህቴና ባሏ ከመስኮቱ በታች። የእህቴ ቁራሽ በሙሉ መቆረጥ እንዳለበት፣ ማገጃው አሁን ወደ እኔ ቁራሽ እንደሚገባ ተናገርኩ። እህቴ አልተንቀሳቀሰችም። እሷን ሳያት አንጀቴ አረረ፤ ያ ሁሉ ቤት፣ ያ ሁሉ ተስፋ በአንድ ጅል ሰው እጅ! ከዚያ በኋላ ራሴን መያዝ አልቻልኩም።

«ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አልኩ። ጣቴን ወደ ሚስማር ቀሰርኩ። «ይኼ ነው! ይኼ ከሰው መሃል ጎንበስ ብሎ የተቀመጠው! እንጨት እየቆረጠ የሚኖር ሰው የእንጨት ነገር አልገባው ብሎ! ሚስቱን እናቱ ጓዳ ወሽቆ፣ ልጆቹን እንደ ጆንያ ደርድሮ፣ አንዲት ቤት ሠርቶ መግባት ያቃተው! ወንድ ነኝ ይላል ደግሞ! የእህቴን ቤት ገና ሳይሠራ ያፈረሰው እሱ ነው። ሌባ ይሻላል፤ ሌባ ወስዶ ይጠቀምበታል!»

ሚስማር ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ እፍረት ነበር፣ ግን የራሱ እፍረት አይመስልም ነበር። አፉን ከፈት አድርጎ ወደ ሚስቱ ዞረ፣ ከዚያ ዘጋው።

«እትዬ፣ ተቀመጪ» አለች እህቴ። ተነሥታ ነበር።

«አልቀመጥም! ዛሬስ—»

«እኔ ነኝ የፋቅኩት።»

የቀሰርኩትን ጣቴን አወረድኩ።

«እኔ ነኝ» አለች እንደገና፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እንዲሰማ። «ሁሉም ባረፈበት ቀን ብቻዬን ሄጄ ፋቅኩት። መላጫ አያያዝ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ድሮ ቅርፊት ላጮቹ ጋ ስሠራ። ዛፉን ማቁሰል እንደሆነ አላሰብኩም። ቀለሙን ብቻ ነበር የማየው።»

«አንቺ...»

«አልጨረስኩም። እሱ ማታውን ልብሴ ላይ ሙጫ አይቶ ጠየቀኝ። ስነግረው ራሱን ያዘ። ‹ዛሬውኑ ሄደሽ ንገሪያት፣ እንደገና ትቀባው፣ አሁን ከተቆረጠ ከኋላ ያለው ይተርፋል› አለኝ። እምቢ አልኩት። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ በልጆቹ አስማልኩት። ተጣልተን አደርን። በነጋታው ከእኔ ጋር ተኳርፎ ነው አንቺ ቢሮ የመጣው። ሊነግርሽ ነው የመጣው። ምን አልሽው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያ የባለመጋዞች አለቃ ሳይቀር።

«ምን አልሽው፣ እትዬ?»

ምን ልበል? እንዲህ አልኳት፤ «ታዲያ ለምን አልጮኸም? አንድ ቃል ጮክ ብሎ ቢናገር እሰማው አልነበር?»

ማንም አልሳቀም። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወደ እሱ ዞር ብዬ «አንተ ደግሞ ዝም በል፣ ሁሉም ካንተ ክምር ነው የመጣው!» አልኩት። እውነት ነው፣ ከእሱ ክምር ነው የመጣው። ግን ያኔ ያልኩት ስለ እውነቱ አልነበረም። የሆነ ሰው ላይ መጮህ ነበረብኝ። ሚስማር የሚስቱን ክንድ ያዝ አድርጎ «በቃ፣ ተዪው፣ እንሂድ» አላት። ወጡ። እህቴ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አላናገረችኝም።

ቁራሿን እኔው ቀባሁት፣ እያንዳንዱን ዛፍ። እሷ አልመጣችም፣ እሱ ግን መጥቶ ከላጮቹ ጋር ላጠ። ማገጃውን የእኔ ቁራሽ መግቢያ ላይ አሳረፍኩ፤ የእኔንም ወፋፍራሞች ያለ ርኅራኄ አስጣልኳቸው። ጎረቤቶች ቆመው አዩ። እህቴ «ይሆናል» ያለችው ነገር ይኸው ሆነ፣ ግን እሷ ለማየት አልቆመችም። ጥንዚዛው እዚያ ላይ ቆመ። የእኔ ደን ተረፈ። ማኅበሩም አመሰገነኝ፤ ምስጋናቸውን በልተው ይደሩበት።

የእህቴን ጥድ ግን ገዢ አልፈለገውም። ጥንዚዛው ሲገባ ሻጋታ ይዞ ነው የሚገባው፤ እንጨቱን ከውስጥ ሰማያዊ ያደርገዋል። ሰንጥቀው ሲያዩት ሰማያዊ ዥንጉርጉር ነው። ገዢው አንድ ጣውላ አንሥቶ «ይኼ የታመመ ነው» ብሎ ጥሎ ሄደ። እኔ ብጠየቅ ኖሮ እነግረው ነበር፤ ቀለሙ ነው እንጂ የተበላሸው እንጨቱ አልደከመም፤ ሚስማር ይይዛል፣ ጣሪያ ይሸከማል። ማንም አልጠየቀኝም። ባሏ ግን ራሱ አወቀው። «ካልገዙን እኛው እንኖርበታለን» ብሎ የሰማያዊ ጣውላ ቤት ጀመረ። የሰው ሥራ ጨርሶ በሚመለስበት ሰዓት፣ በእረፍቱ ቀን፣ ብቻውን። ወፋፍራሞቹ ጥቂት፣ ቀጫጭኖቹ ብዙ ስለሆኑ የወጣለት ጣውላ ትንሽ ነበር፤ ግድግዳውንና ጣሪያውን አደረሰ፣ ወለሉና በሮቹ ጋ ሲደርስ እንጨት አለቀበት። ከአማቲቱ ጓዳ ግን ወጥተው ገቡበት። በሩ ላይ ሸራ ሰቀሉ፤ አፈር ላይ ተኙ።

እኔ ይህን የሰማሁት ከሰው ነው። የገዛ እህቴ አፈር ላይ እንደምትተኛ ከሰው መስማት! ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፤ በማን እንደምናደድ እንኳ አላውቅም ነበር። በእሷ፣ በግትርነቷ። በእሱ፣ በዝምታው። በሊቀመንበሩ፣ በጥንዚዛው፣ በገዢው። ጠዋት የእኔን ጥድ ከሚሰነጥቁት ጋ ሄጄ፣ ነጩን፣ ንጹሁን፣ የቅርንጫፍ ጠባሳ የሌለበትን ጣውላ አስመርጬ አስጫንኩ። ከሹፌሩ አጠገብ ገባሁና እንሂድ አልኩት።

ስንደርስ ከሰዓት ነበር። እህቴ ደጅ ላይ ልብስ ታጥባለች፤ እሱ መሰላል ላይ ሆኖ የጣሪያውን ጠርዝ ይመታል። መኪናው ሲቆም ጎረቤት ሁሉ ብቅ ብቅ አለ። ቤቱን አየሁት። ግድግዳው ሰማያዊ መስመር ያለበት፣ ቀጥ ብሎ የተገጠመ፣ ክፍተት የሌለው። እውነቱን ልናገር፣ ቆንጆ ነበር። ውስጥ አንዱ ልጅ ጮክ ብሎ ይስቃል፤ ማንም «ቀስ በል» አላለውም።

«ጣውላ አመጣሁ» አልኩ። ሰላምታ እንኳ አላልኩም፤ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። «ለወለልና ለበር ይሆናል።»

እህቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሚስማር ከመሰላሉ ወርዶ ነበር። «እንደምን ዋሉ፣ እትዬ? ይግቡ እንጂ፣ ደጅ ቆመው...»

«ቆይ» አለችው እህቴ። ከዚያ ወደ እኔ። «ጣውላውን አልጠላሁትም። መስመሩም ይቅር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የከፈልኩትም እኔ ነኝ። ይህን ሰው ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሰድበሽዋል። ልጆቹ ሳይቀሩ ሰምተዋል። ዛሬም ሰው አለ፤ ይኸው ጎረቤት ቆሟል። ‹ይቅርታ አድርግልኝ› በይውና ጣውላሽ ይውረድ።»

«ኧረ ተዪ» አለ እሱ። «እኔ እኮ ረስቼዋለሁ።»

«እኔ አልረሳሁም» አለች።

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ልለው ነበር የከፈትኩት። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሹፌር! አውርድ!»

ሹፌሩ አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ እኔን። ጣውላውን እያወረደ ቤቱ ጥግ ደረደረው። እህቴ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አውርዶ እስኪጨርስ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ሲጨርስ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጎጠችና ሄዳ አንዷን ጣውላ አነሣች፣ ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ወስዳ መኪናው ላይ ጫነችው። ተመልሳ ሌላ አነሣች።

ባሏ ሊያግዛት ቢጠጋ «ተቀመጥ፣ ይህ አንተን አይመለከትህም» አለችው። ተቀመጠ። ሹፌሩ ቆቡን አውልቆ መሬት መሬቱን ያያል።

እኔ መሃል ላይ ቆሜ ነበር። ሰው ፊት ሊቀመንበር የማይፈራ አፍ ይዤ። በአንድ ጠዋት ለስንቱ ባለመጋዝ የሚበቃ የስድብ ዓይነት የሚያውቅ አፍ። እሱ ከፊቴ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ። «ይቅርታ» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ እንዲያውም ወደ እሱ አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ከዚያ እህቴ በአጠገቤ ስታልፍ የጣውላው ጫፍ ትከሻዬን ነካኝና «ቀስ ብለሽ ያዢው እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባት።

ጣውላው ብዙ ነበር፣ እሷም የጫነችው አንድ በአንድ ነው። እስከ መጨረሻዋ ጣውላ ድረስ ቃሏን ለማለት ጊዜ ነበረኝ።